የባዮሎጂ መምህር ንባብ ያስተምር? አዎ፣ የባዮሎጂን ንባብ

ሰሞኑን ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንብቦ የመረዳት ችግር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ችግሩ መኖሩን አይክዱም። የሚቃወሙት መፍትሔ ተብሎ የቀረበውን ነው፤ የሒሳቡንም፣ የፊዚክሱንም፣ የታሪኩንም መምህር በንባብ ላይ ማሠልጠን። ማንበብ አንደኛ ደረጃ ላይ ያለቀ ጉዳይ ነው ይላሉ። ካላለቀም የቋንቋ መምህራን ሥራ ነው። ሒሳብ ንባብ አይፈልግም። ሌላው መምህር ጊዜ የለውም። ተማሪው ብዙ መጽሐፍ ቢያነብ በራሱ ይሻሻላል። ሥልጠናም ቢሆን ተሞክሮ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው። ብዙ መምህራን በእረፍት ሰዓት እርስ በርስ የሚያወሩትን ነው በአደባባይ ያወጣው። ዝም ብዬ ማለፍ ያልፈለግኩትም ለዚህ ነው። ነጥብ በነጥብ ልሂድ፤ የምስማማበት ቦታ ላይም እስማማለሁ።

ንባብ አንደኛ ደረጃ ላይ ያለቀ ጉዳይ ነው ለሚለው

ጸሐፊው ልጁ ማንበብ የሚማረው በታችኛው ክፍል ነው፤ እዚያ ሳይማር ካለፈ የኬሚስትሪ መምህሩን አሁን አንተ አስተምረው ማለት ግፍ ነው ይላሉ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ልጆች ተቀላቅለዋል። አንደኛው ቃሉን ከፊደሉ አውጥቶ ማንበብ የሚቸግረው ነው። አንድ መስመር ለመጨረስ ሲታገል የመስመሩ መጀመሪያ ይጠፋበታል። ሁለተኛው ግን አንብብ ቢባል ያንበለብለዋል። ምን ይላል ሲባል ነው ጉዱ። ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ከገጹ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳለ አንስቶ ይመልስላችኋል። ተመራማሪዎቹ ፊሊፕ ጎፍና ዊሊያም ተንመር በ1986 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ይህን ልዩነት በአጭሩ አስቀምጠውታል፤ አንብቦ መረዳት ማለት ቃሉን የማውጣት ችሎታ ሲባዛ በቋንቋ የመረዳት ችሎታ ነው አሉ። መደመር አላሉም። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው ቢያምርም ውጤቱ ዜሮ ነው።

ስለ መጀመሪያው ልጅ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። በትንሽ ቡድን፣ በየቀኑ፣ ለዚህ የሠለጠነ ሰው ያስፈልገዋል። የፊዚክስ መምህሩ ሰባት ፔሬድ እያስተማረ ያን ሊያደርግ አይችልም፤ የሚጠይቀውም ካለ ተሳስቷል።

በላይኛው ክፍል በብዛት መምህሩን ግራ የሚያጋባው ግን ሁለተኛው ልጅ ነው። እርሱን ደግሞ አንደኛ ደረጃ ንባቡን አስጨርሶ ሊልከው አይችልም ነበር። ለምን? የሚቸግረው ጽሑፍ እዚያ ስላልነበረ። ይህን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፤ ለምሳሌ ያህል የጻፍኩት ነው፣ ግን ማንኛውም የባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ ወንድሞቹ ሞልተዋል።

«የፎቶሲንተሲስ ፍጥነት የሚወሰነው ከሚፈለገው በታች በሆነው ግብዓት በመሆኑ፣ ብርሃን በቂ ባልሆነበት ሁኔታ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር በፍጥነቱ ላይ ጉልህ ለውጥ አያስከትልም።»

ከባድ ቃል ሁለት ቢገኝ ነው። ሥራው ግን ብዙ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሕግ ነው፣ ሁለተኛው ከሕጉ የሚከተል ውጤት። መሀል ላይ ሕጉ የሚሠራበት ሁኔታ ተቀምጧል። ሁሉን የሚገለብጠው አሉታ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። የሚጣደፍ አንባቢ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ» እና «መጨመር» የሚሉትን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ፈተና ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ፎቶሲንተሲስ ሁልጊዜ ይፈጥናል ብሎ ይመልሳል። መምህሩም አላጠናም ይለዋል። አጥንቷል እኮ! ሦስት ጊዜ አንብቦታል።

እንዲህ ያለውን ልጅ መርዳት እንደሚቻል ከታወቀ ቆይቷል። አንማሪ ፓሊንክሳርና አን ብራውን በ1984 ባሳተሙት ሥራ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ወሰዱ። ልጆቹ ቃሉን ያነባሉ፣ የሚቸግራቸው መረዳቱ ነው። አራት ነገር አለማመዷቸው፤ የሚቀጥለውን መገመት፣ ጥያቄ ማንሳት፣ ያልገባን ማጥራት፣ በአጭሩ መናገር። መጀመሪያ መምህሩ እያደረገ ያሳያል፣ ቀስ በቀስ ተማሪዎቹ ተራ በተራ የመምህሩን ቦታ ይይዛሉ። መረዳታቸው በግልጽ ተሻሻለ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ዘግይቷል የሚል ሰው ያን ጊዜም አልጠፋም መሰለኝ።

የቋንቋ መምህራን ሥራ ነው ለሚለው

የክርክሩ እምብርት ይህ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

የቋንቋ መምህሩ ልብ ወለድ፣ ግጥምና ድርሰት ያስተምራል። ልብ ወለድ በተርታ ይነበባል፣ ባለታሪኩን እየተከተሉ። የኬሚስትሪ ገጽ እንዲህ አይነበብም። ዓይን ከጽሑፉ ወደ ቀመሩ፣ ከቀመሩ ወደ ሥዕሉ ይሄዳል፣ ተመልሶም ወደ ጽሑፉ ይመጣል። ቲሞቲ ሻናሃንና ሲንቲያ ሻናሃን በ2008 ባወጡት ጥናት የኬሚስትሪ፣ የታሪክና የሒሳብ ባለሙያዎች እንዴት እንደሚያነቡ ጠየቁ፣ ተመለከቱም። ሦስቱም ጎበዝ አንባቢ ናቸው፤ አነባበባቸው ግን አይገናኝም። የሒሳቡ ሰው እያንዳንዷን ቃል ይመዝናል፣ ደግሞ ደጋግሞ ያነባል። የታሪኩ ሰው ጸሐፊው ማነው፣ ምን አቋም ይዞ ነው ይላል። የኬሚስትሪው ሰው ያነበበውን በቀመርም በሥዕልም አድርጎ ያየዋል።

የታሪኩን ነገር ይበልጥ ግልጽ ያደረገው የሳም ዋይንበርግ የ1991 ጥናት ነው። ስምንት የታሪክ ምሁራንና ስምንት ጎበዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተመረጡ። የአሜሪካ አብዮት ስለተከፈተበት የሌክሲንግተን ግጭት የተጻፉ ተመሳሳይ ሰነዶች ተሰጧቸው። እያነበቡ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩም ተደረገ። ምሁራኑ ዋናውን ጽሑፍ ሳይጀምሩ ወደ ምንጩ ሄዱ። ማን ጻፈው? መቼ? ሌላው ሰነድ ከዚህ ጋር ይስማማል? ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው ወደ ታች ወረዱ። ሰነዱን እንደ መማሪያ መጽሐፍ፣ የተጻፈውንም እንደ እውነት ወሰዱት። ልብ በሉ፣ ከምሁራኑ ገሚሶቹ በአሜሪካ ታሪክ ላይ የተካኑ አልነበሩም። ከተማሪዎቹ የለያቸው የአነባበብ ልማዳቸው ነው።

ይህን ልማድ ለተማሪ ማን ያሳየው? የቋንቋ መምህሯ? እርሷ ታሪክ አልተማረችም። መጠየቅም የለባትም።

ሌላም ነገር አለ። ስለ ጉዳዩ ቀድሞ ማወቅ ንባብን ምን ያህል እንደሚያግዝ ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ በ1988 አሳይተዋል። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ አንድ የቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ አነበቡ። ስለ ቤዝቦል ብዙ የሚያውቁ ደካማ አንባቢዎች፣ ስለ ቤዝቦል የማያውቁትን ጎበዝ አንባቢዎች በለጧቸው። ስለዚህ ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት የተጻፈ ጽሑፍ እንዲገባው የተፈለገ ተማሪ ስለ ዑደቱ መነሻ እውቀት ከሚሰጠው ሰው አጠገብ ሆኖ ቢያነብ ይሻለዋል። ያ ሰው የፊዚክስ መምህሩ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ለጸሐፊው እጅ እሰጣለሁ። «ሁሉም መምህር የንባብ መምህር ነው» የሚለው መፈክር ያናድዳቸዋል። እኔንም ያናድደኛል። ፊዚክስ ወዶ፣ ፊዚክስ ተምሮ የመጣን ሰው ከዛሬ ጀምሮ የንባብ መምህር ነህ ማለት ሙያውን መንጠቅ ነው። ፊዚክስን ማንበብ የፊዚክስ አካል ነው ቢባል ግን የሚከፋው የፊዚክስ መምህር ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ ሥልጠና ለምን አስፈለገ? መምህሩ ማንበቡን ያውቅበት የለ? ያውቅበታል፤ ማወቁን ግን አያየውም። ለሃያ ዓመት የኬሚስትሪ ጽሑፍ ያነበበ ሰው ቀመሩ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ ወደ ሥዕሉ መመለሱን ልብ አይለውም። አንቀጹ «ነገር ግን» ሲል ዓይኑ እንደሚነቃ አያውቅም። ስለማያየው አይናገረውም፤ ተማሪው ያጣውም ነገር ምን እንደሆነ አይገለጥለትም። የሥልጠናው ዋና ሥራ ይህን ስውር ነገር ማውጣት ነው።

ሒሳብ ንባብ አይፈልግም ለሚለው

በአጭሩ ልመልስ። አንድ የታወቀ ጥያቄ አለ፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ፕሮፌሰር ስድስት ተማሪ አለ፤ የተማሪዎቹን ቁጥር «ተ»፣ የፕሮፌሰሮቹን «ፐ» ብላችሁ ይህን በእኩልታ ጻፉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጆን ክሌመንትና ባልደረቦቹ ይህን መሰል ጥያቄ ለአሜሪካ የምህንድስና ጀማሪዎች ሰጡ። ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ተሳሳቱ፤ አብዛኞቹ 6ተ = ፐ ብለው ጻፉ። ትክክሉ ተ = 6ፐ ነው። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል ወደ ምልክት ቀይሮት ነው። ሌላው «ተ» የሚለው ምልክት ቁጥርን መወከሉን ትቶ ተማሪ ራሱ መስሎት ነው። እነዚህ ልጆች እኩልታ መፍታት ያቅታቸዋል? በፍጹም። የወደቁት ከዓረፍተ ነገር ወደ እኩልታ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ያ መንገድ ደግሞ ንባብ ነው።

«ቢያንስ» እና «ቢበዛ»ን የሚያምታታ ተማሪ ያላጋጠመው የሒሳብ መምህር ካለ እጁን ያውጣ።

ጊዜ የለም ለሚለው

ይህ የጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ ነው። የተጨናነቀ ክፍል፣ የማያልቅ ሲለበስ፣ ከፊት የቆመ ፈተና። መምህሩ ምዕራፉን ካልጨረሰ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ይህን አቅልሎ የሚያይ ሰው ክፍል ገብቶ አያውቅም።

ጥያቄው አሁን ጊዜው የት እየሄደ ነው የሚለው ነው። የተለመደውን አካሄድ እንከተል። መምህሩ ገጽ 40ን አንብባችሁ ኑ ይላል። ልጆቹ ወይ አያነቡም፣ ወይ አንብበው አይገባቸውም። መምህሩ ያዝንና ራሱ ያብራራል። ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ኖት ይጽፋል፣ ወይም ስላይድ ያዘጋጃል። ተማሪው ኖቱን ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል። መጽሐፉ ተዘግቶ ይከርማል። በሚቀጥለው ጊዜ ገጽ 55 ሲባል ተማሪው ይበልጥ ብልጥ ሆኗል፤ ዝም ብዬ ብጠብቅ ኖቱ ይመጣል ብሎ ያውቃል።

መምህሩ ይህን ያደረገው ከደግነት ነው። ልጆቹ እንዳይጎዱ። ውጤቱ ግን የማንበቡ ሥራ ሁሉ መምህሩ ላይ መቅረቱ ነው። በዓመቱ መጨረሻ በጣም ጎበዝ አንባቢ የሚሆነው መምህሩ ነው! ተማሪው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ኮሌጅ ሲገባ ኖት የሚገለብጥለት ሰው የለም። ሠላሳ ገጽ ለነገ ይባላል።

የሚጠየቀው ተጨማሪ ፔሬድ አይደለም። ኖት ከማስገልበጡ ላይ አሥር ደቂቃ ወስዶ ለአንድ አንቀጽ መስጠት ነው። ለሁሉም አንቀጽ አይደለም፤ የምዕራፉ ሐሳብ የታሰረበትን፣ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚስቱትን አንዱን መምረጥ። ከላይ ያለውን የፎቶሲንተሲስ ዓረፍተ ነገር የሚያስተምር መምህር ጮክ ብሎ እያሰበ ሊያነበው ይችላል። «እዚህ ‹በመሆኑ› አለ፤ እስካሁን ያለው ምክንያት ነው ማለት ነው። ‹ብርሃን በቂ ባልሆነበት›፣ እሺ፣ ብርሃን ያነሰበትን ሁኔታ ብቻ ነው የሚያወራው። ‹አያስከትልም›! ቆይ፣ ሳላስተውል ተቃራኒውን ልይዝ ነበር። እስቲ ልመለስ።» ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ተማሪው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ አዋቂ ሰው ሲያነብ ወደ ኋላ እንደሚመለስ ያያል። ጎበዝ ሰው አንዴ አንብቦ የሚገባው ይመስለው ነበር። ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ላይ ይሞክራሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አካሄዱ ይዘገያል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ትርፉ የሚታየው በኋላ ነው፣ መምህሩ ያስተማረውን እንደገና ማስተማር ሲቀርለት። ደግሞ ፈተናውም የሚነበብ ጽሑፍ ነው። «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው» የሚለውን «ትክክል የሆነው» ብሎ አንብቦ የወደቀ ተማሪ ሲለበሱ ስላልተሸፈነ አይደለም የወደቀው።

ብዙ ቢያነቡ በራሱ ይመጣል ለሚለው

ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍት ይግቡ፣ ልብ ወለድ ይውደዱ ይላሉ ጸሐፊው። አሜን። ግን ለማን ነው የሚሠራው? የንባብ ተመራማሪው ኪት ስታኖቪች በ1986 እንዳስረዳው ንባብ የሚቀናው ልጅ ብዙ ያነባል፣ ብዙ ስላነበበ ቃላትና እውቀት ያከማቻል፣ ስለዚህ ይበልጥ ይቀናዋል። የሚከብደው ይሸሻል፣ በሸሸ ቁጥር ይበልጥ ይከብደዋል። ብዙ አንብቡ የሚለው ምክር የሚደርሰው ቀድሞውንም ለሚያነበው ነው። ያም ልጅ ቢሆን መቶ ልብ ወለድ አንብቦ የላብራቶሪ ሪፖርት ማንበብ ላይችል ይችላል።

ሥልጠና ተሞክሮ ከሽፏል ለሚለው

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ በ1975 የወጣው የቡሎክ ሪፖርት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ላይ የተዘረጋ የቋንቋ ፖሊሲ ይኑረው ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በ2019፣ እዚያው አገር የትምህርት ጥናት የሚደግፈው የኤጁኬሽን ኢንዳውመንት ፋውንዴሽን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባወጣው መመሪያ የመጀመሪያ ምክር ያደረገው ያንኑ ነው፤ በየትምህርት ዓይነቱ የሚሰጥ የንባብና የጽሑፍ ትምህርት ቅድሚያ ያግኝ አለ። አንድ ነገር በዚህ መጠን ደግሞ መነገር ካስፈለገው አልተተገበረም ማለት ነው። ፖሊሲ መጻፍ ቀላል ነው። መምህሩ ሰኞ ጠዋት ምን ያድርግ የሚለው ሳይመለስ ይቀራል።

የከሸፈውን ሥልጠና ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ አዳራሽ፣ ሁለት መቶ መምህር፣ አንድ አሠልጣኝ፣ ሰማንያ ስላይድ። ስለ ንባብ ጥቅም ይነገራል። ምሳሌዎቹ ሁሉ ከልብ ወለድ የተወሰዱ ናቸው፤ የሒሳብ መምህሩ ስልኩን ያወጣል። ሰርተፍኬት ይታደላል። በሚቀጥለው ቀን ክፍሉ እንደነበረ ነው። ይህ ከሸፈ ማለት መምህራንን ማሠልጠን ከሸፈ ማለት አይደለም። ስለ መዋኘት ንግግር ሰምተው ውኃ ውስጥ ያልገቡ ሰዎች አልዋኙም ብሎ መገረም ነው።

የሠራ አለ? አለ። በአሜሪካ ሲንቲያ ግሪንሊፍና ባልደረቦቿ በ2011 ያሳተሙት ጥናት የባዮሎጂ መምህራንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። አንደኛው ቡድን የሳይንስ ጽሑፍን ከተማሪዎች ጋር እንዴት እንደሚያነብ ረዘም ያለ ሥልጠና አገኘ። የእነዚህ መምህራን ተማሪዎች በንባብና በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም የተሻሉት፤ በባዮሎጂም ተሻሉ። ለንባብ የሰጠሁት ጊዜ ከባዮሎጂ የተቀነሰ ነው ለሚል መምህር ከዚህ የቀረበ መልስ የለኝም።

ማቲው ክራፍት፣ ዴቪድ ብላዛርና ዲላን ሆጋን ደግሞ በ2018 ስለ መምህራን የክፍል ውስጥ ድጋፍ የተሠሩ 60 ጥናቶችን አንድ ላይ አይተዋል። አንድ ልምድ ያለው ሰው ክፍል ገብቶ ያያል፣ ከመምህሩ ጋር ይወያያል፣ ተመልሶ ይመጣል። ማስተማሩም የተማሪዎች ውጤትም ተሻሽሏል። ጸሐፊው ሊወዱት የሚችሉት ነገርም እዚያው አለ፤ ፕሮግራሙ እየሰፋ ሲሄድ ውጤቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ መመሪያ አገር ሙሉ ይሠልጥን የሚል ሰው ቢመጣ እኔም ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ።

እኔ የምለው ሥልጠና ትንሽ ነው። የሚጀምረውም መምህሩን በማስጨነቅ ነው። ለታሪክ መምህሩ የፊዚክስ ገጽ፣ ለፊዚክሱ መምህር የሕግ ሰነድ ይሰጠውና እያነበበ የሚያስበውን ይናገር። ያኔ የራሱ ተማሪ የሚሰማው ስሜት ይሰማዋል፤ ቃሉን ሁሉ እያወቁ ምንም አለመያዝ። ከዚያ ወደ ራሱ መጽሐፍ ይመለሳል። የአንድ ዲፓርትመንት መምህራን በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስተምሩትን አንድ አንቀጽ ይዘው ይቀመጣሉ። ተማሪው የት ይወድቃል? የትኛውን ቃል አስቀድመን እናስተምር፣ የትኛውን ከዐውዱ ያውጣው? ምን ጥያቄ ብንጠይቅ አንቀጹን ሳያነብ ሊመልስ አይችልም? ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ ከመጽሐፉ ጀርባ ያሉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዓረፍተ ነገር ፈልጎ በመገልበጥ የሚመለሱ ናቸው። አንቀጹን ያስተምራሉ፣ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ያያል፣ በሁለት ሳምንቱ ተመልሰው ተማሪዎቹ የጻፉትን ይዘው ይወያያሉ። ርእሰ መምህሩ የሚጠበቅበት የጋራ ሰዓት ማመቻቸትና ይህን ስብሰባ በሌላ ስብሰባ አለመተካት ነው።

ጸሐፊው ተሞክሮ ከሽፏል ያሉት የትኛው ሥልጠና እንደሆነ አልነገሩንም። ስንት ቀን ነበር? በየትምህርት ዓይነቱ ጽሑፍ ላይ ነበር ወይስ በአጠቃላይ ንባብ ላይ? ከሥልጠናው በኋላ ክፍል ገብቶ ያየ ሰው ነበር? በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይህን ቢያነሱት እኔም የምጨምረው አይጠፋኝም።